የባለሁለት ምት ሞተር ዘይትና ቤንዚን አቀላለቅ
(ለማኅበራችን አባላት በድሬዳዋ ከተማ የተሰጠ ንግግር)




የንግግሬን ርእስ በጥሪው ወረቀት ላይ ያነበበ አንድ ባልደረባዬ «ለዚህማ መሐንዲስ ምን ያደርጋል? ማንኛውም የጋራዥ ልጅ ያውቀዋል» ሲል ቀልዶብኝ ነበር። በቀልዱ አልተቀየምሁም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ እርሱ አስብ ነበርና። በዩኒቨርሲቲ ስለ ሙቀት ኃይል፣ ስለ ብረታ ብረት ጠባይና ስለ ማሽን ንድፍ ብዙ ተምሬ ስወጣ፣ ዘይትና ቤንዚን ስለ መቀላቀል ግን ከአንድ ገጽ በላይ ማንበቤን አላስታውስም። ያችን አንድ ገጽ ለሌላ ሰው በትክክል ማስተላለፍ አቅቶኝ ሞተር ያበላሸሁት እኔው ራሴ ስለሆንሁ፣ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ጥፋቴንም ለመናገር ነው።

ድሬዳዋ ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ ቦታ ናት። ከተማችን የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተርና መካኒክ ከድሬዳዋ ተለይተው አያውቁም። በምድር ባቡሩ ጋራዥ ያደጉ ባለሙያዎች ለብዙ ትውልድ የብረት ሥራን በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ እየለኩ ኖረዋል። የዘይት ድብልቅም የዚያው የልኬት ልማድ አንድ ቅርንጫፍ ነው።

የሞተሩ ጠባይ

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ባለሁለት ምት ሞተር ከባለአራት ምቱ የሚለይበትን አንድ ነጥብ ማስታወስ ይበቃል። ባለአራት ምት ሞተር ዘይቱን በሆዱ ይዞ፣ እያዞረ መልሶ መላልሶ ይጠቀምበታል። ባለሁለት ምቱ ግን ከጎተራው እየዛቀ እንደሚበላ ባለቤት ሳይሆን ስንቁን ለየዕለቱ እንደሚይዝ መንገደኛ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ሥራውን ሠርቶም ከጭሱ ጋር ይወጣል።

ይህ የሆነበት ምክንያት በሞተሩ አሠራር ውስጥ ነው። በእንግሊዝ አገር ዱጋልድ ክለርክ የተባለው መሐንዲስ ለሁለት ምት ሞተሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ፣ ጆሴፍ ዴይ በ1891 ገደማ ሌላ ዘዴ አመጣ። ይኸውም የክራንክ ሻፍቱን ቤት ራሱን እንደ ፓምፕ ማሠራት ነበር። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየርና ቤንዚን ከሥሩ ወዳለው ቤት ይሳባል፤ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ገፍቶ በጎን ቀዳዳ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባዋል። እንግዲህ ትኩስ አየር ዘወትር በሚያልፍበት ቤት ውስጥ ዘይት አጠራቅሞ ማኖር አይቻልም። ስለሆነም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይላካል። ቤንዚኑ በሙቀቱ ሲተን ዘይቱ በደቃቅ ጠብታ መልክ በኩሽኔታዎቹ፣ በቢየላው ጫፎችና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ፒስቶኑንና ሲሊንደሩን የሚለያያቸው ይህ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ሲጠፋ ብረት ብረትን ይነክሳል።

የዚህ ዓይነት ሞተር ዛሬ በየመንገዱ እንደ ቀድሞው አይበዛም። በከተማችን ከሚሽከረከሩት ባጃጆች አብዛኞቹ ባለአራት ምት ስለሆኑ ቤንዚናቸው ዘይት አይፈልግም። ሆኖም የሞተር መጋዞች፣ በጀርባ የሚታዘሉ የመድኃኒት መርጫዎች፣ የሣር ማጨጃዎችና አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች አሁንም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ። የእነዚህ መሣሪያዎች ተጠቃሚ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የራሱ ጋራዥ የሌለው ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛ ወይም የገጠር ባለሙያ ነው።

«የምን ሃያ አምስት?»

በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ ያደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይመጣ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መንጋው መስተዋቱን ጋርዶበት ማረፍ ስላልቻለ ወደ አዲስ አበባ ለማምራት ተገድዶ ነበር። በምድር ላይ ይደረግ የነበረው የመርጨት ሥራ ከሁሉ በላይ ከሰዓት ጋር የሚደረግ ሽቅድምድም ነበር። አንበጣ ሌሊቱን በዛፍና በሰብል ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ስታሞቀው ይነሣል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከንጋት አንሥቶ ጠዋት መንጋው እስኪበርር ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሠራት አለበት። በዚያች ሰዓት አንድ መርጫ ከቆመ፣ የዚያ ማሳ ዕድል ለሌላ ቀን ሊተላለፍ አይችልም።

በዚያ ወቅት አንድ መሥሪያ ቤት ባለሞተር የጀርባ መርጫዎቹን እንዳይለትና ለሠራተኞቹ አጭር መመሪያ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። መሣሪያዎቹን አየሁ። የተገዛው ዘይት ተራ የሁለት ምት ዘይት ስለነበረ፣ የአምራቹ መጽሐፍ ለእንዲህ ያለው ዘይት አንድ እጅ ዘይት ለሃያ አምስት እጅ ቤንዚን ያዝዛል። እኔም በወረቀቱ ላይ በጉልህ ፊደል «የዘይት ድብልቅ 1፡25» ብዬ ጻፍሁና ሄድሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት መርጫዎች በአንድ ማሳ ላይ ነክሰው ቆሙ። ስደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ መንጋውም ተነሥቶ ሄዷል። የማሽላው ባለቤት በማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ነበር። አንድም ቃል አልተናገረኝም።

ሞተሮቹን ፈታን። ፒስቶኖቹ በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተልጠዋል፤ አልሙኒየሙ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ፋሻዎቹ በቦታቸው ተጣብቀዋል። የዘይት እጦት ምልክት መሆኑ አያጠራጥርም። የመጀመሪያው አሳቤ «እነዚህ ልጆች በዓይናቸው እየገመቱ ቀላቅለዋል» የሚል ነበር። እንዲያውም ይህንኑ በቁጣ ተናገርሁ።

በዚያ የነበሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ በድሬዳዋ ልማድ «አንተ» ብለው ጠሩኝና ወረቀቴን አሳዩኝ። «አንተ፣ ይህ ሃያ አምስት የምን ሃያ አምስት ነው?» አሉኝ። የቤንዚን እጅ መሆኑን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ዝም ብለው ከሠራተኞቹ ሣጥን ውስጥ አንድ የሕክምና ሲሪንጅ አውጥተው አቀበሉኝ። ሠራተኞቹ አልገመቱም ነበር። ለእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን በሲሪንጅ ልክ 25 ሚሊ ሊትር ዘይት ሲያስገቡ ሰንብተዋል። ያዘዝኋቸው መስሏቸው ከእኔ ይልቅ ጠንቅቀው ለክተዋል።

ባልደረቦቼ፣ ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ሊትር 1,000 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን ለሃያ አምስት ብናካፍል 40 ሚሊ ሊትር እናገኛለን። እነርሱ ያስገቡት 25 ስለሆነ፣ ድብልቁ አንድ ለሃያ አምስት መሆኑ ቀርቶ አንድ ለአርባ ሆኗል። ከሚያስፈልገው ዘይት ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ጎድሏል ማለት ነው። ይህ ጉድለት ብቻውን በቀላል ሥራ ላይ ሞተሩን ላይገድለው ይችል ነበር። ነገር ግን መርጫ ከተነሣ እስኪቆም በሙሉ ኃይል የሚሠራ መሣሪያ ነው። ጀሪካኑም ማታ ተሞልቶ ያደረና ጠዋት በደንብ ሳይነቀነቅ የተቀዳ ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ሞተሩ አልቻላቸውም።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ። አምራቹ 1፡50 ብሎ ለጻፈለት የሞተር መጋዝ ለአንድ ሊትር 50 ሚሊ ሊትር የሚያስገባ ሰው ድብልቁን 1፡20 ያደርገዋል። ትክክለኛው 20 ሚሊ ሊትር ነበርና ሁለት እጥፍ ተኩል አብዝቷል። የድብልቁ ቁጥርና ሚሊ ሊትሩ ተቀራርበው የሚገኙት 32 አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ቁጥሩን እንደ ሚሊ ሊትር ያነበበ ሰው ዘይት ያሳንሳል፤ ከዚያ በላይ ያነበበ ያበዛል። ስሕተቱ የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ትርጉም የማኖር ውጤት ነው። ቁጥሩን ያኖርሁት ደግሞ እኔ ነበርሁ።

ሲያንስና ሲበዛ

ዘይት ሲያንስ የሚሆነውን አይተናል። ብዙ ሰው ታዲያ «እንግዲያስ ይብዛ፤ ዘይት ሞተርን አይጎዳም» ይላል። ማርም ሲበዛ ይመራል እንዲሉ፣ ይህም ጉዳት አለው። የበዛው ዘይት በደንብ ስለማይቃጠል ካንዴላውን ያቆሽሸዋል፤ በፋሻው ቦይ ውስጥ ከሰል ሆኖ ፋሻውን ያጣብቀዋል፤ የጭስ መውጫውን ቀዳዳና ማርሚታውን እያጠበበ ኃይል ይቀንሳል።

ከዚህ በተጨማሪ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ አንድ ነገር አለ። በካርቡራተሩ ጅግለር ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን የተወሰነ ነው። ከዚያ ውስጥ የዘይቱ ድርሻ ሲጨምር የቤንዚኑ ድርሻ ይቀንሳል፤ ዘይቱም ፈሳሹን ስለሚያወፍረው ፍሰቱ ይዘገያል። ስለዚህ ሞተሩ በአየር አንጻር ቤንዚን ይጎድልበታል፤ ቤንዚን የጎደለበት ሞተር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ለጥንቃቄ ብሎ ዘይት ያበዛ ሰው ሞተሩን ወደ ሌላ የሙቀት ምክንያት ገፍቶታል ማለት ነው። ልኩን መጠበቅ ይሻላል የምንለው ስለዚህ ነው።

የዘይቱ ዓይነት

ቁጥሩ የሞተሩ ብቻ ሳይሆን የሞተሩና የዘይቱ የጋራ ንብረት ነው። በቀድሞ ዘመን መጻሕፍት 1፡16 ወይም 1፡20 ይታዘዝ የነበረው የዚያ ዘመን ዘይት ያንን ስለሚጠይቅ ነበር። ዛሬ ለብዙ መሣሪያዎች 1፡50 የሚበቃው ዘይቱ በመሻሻሉ ነው። የ1፡50ን ልክ ከአዲሱ መመሪያ ወስዶ፣ ዘይቱን ግን ከማይታወቅ በርሜል የሚቀዳ ሰው ከሁለቱም ወገን ጉዳቱን ይሰበስባል።

በጣሳው ላይ የሚነበበው ምልክት ይህን ይነግረናል። በአየር ለሚቀዘቅዙ ሞተሮች፣ ማለትም ለመጋዝና ለመርጫ፣ ጃሶ ኤፍ ሲ ወይም ኤፍ ዲ የሚል የጃፓን ደረጃ ያለው ዘይት ተስማሚ ነው። ቲ ሲ ደብሊዩ ሦስት የሚለው ግን በውኃ ለሚቀዘቅዙ የጀልባ ሞተሮች የተዘጋጀ ስለሆነ፣ በከፍተኛ ሙቀት ለሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ ሞተር አይመከርም። የመኪና ዘይት ደግሞ ተቃጥሎ እንዲያልቅ የተሠራ አይደለም። በውስጡ ያሉት የማጽጃ ቅመሞች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ፤ አመዱም በፒስቶኑ ራስና በካንዴላው ላይ ይጋገራል። አንድ ጊዜ ከመኪና የተቀዳ የተቃጠለ ዘይትማ የብረት ብናኝና ጥቀርሻ ይዞ ስለሚገባ በምንም ምክንያት ሊታሰብ አይገባም።

ስለ ቤንዚኑም አንድ ቃል ልጨምር። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ ከመቶ አምስት እጅ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ አሥር እጅ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ኢታኖል ውኃ ይወድዳል። በቂ ውኃ ካገኘ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውኃው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ዘይቱ ግን ከላይ ከቤንዚኑ ጋር ይቀራል። ሞተሩ የሚስበው ከታች ነውና ያን ጊዜ የሚደርሰው ዘይት የሌለው ፈሳሽ ይሆናል። ኢታኖል ባለበት ቤንዚን የሚሠራ ሰው ጀሪካኑንና ሰልባትዮውን ከውኃ መጠበቅ ይኖርበታል።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

የእኛ አካባቢ መልክዓ ምድር ለዚህ ሞተር ልዩ ፈተና ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሐሮማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የደንገጎ ዳገት አለ። ከፍ ባለው ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚያ ካርቡራተሩ የተስተካከለ መጋዝ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፤ በቆላው ሙቀት ላይ የራሱን ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ከደጋ የመጣ መሣሪያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እዚሁ እንደገና ይስተካከል።

ቁልቁለቱ ደግሞ ለሞተር ብስክሌት ሌላ አደጋ አለው። ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ብቻ ከሆነ፣ ጋላቢው ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ በማርሽ እየተያዘ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ዘይት ግን አያገኝም ለማለት ይቻላል። በአውሮፓ ሳብ፣ ዋርትቡርግና ትራባንት የተባሉት ባለሁለት ምት መኪኖች ነዳጅ ሲዘጋ ሞተሩ ከጎማው ተላቅቆ በዝግታ እንዲዞር የሚያደርግ ዘዴ የተገጠመላቸው በዚሁ ምክንያት ነበር። የያማሃ ኩባንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ያወጣው፣ ዘይቱን በተለየ ፓምፕ የሚልከው ዘዴም ይህን ችግር አቃልሏል። ፓምፕ የሌለው ሞተር ይዞ ከደንገጎ የሚወርድ ሰው በየጥቂቱ ነዳጅ መስጫውን ከፈት እያደረገ ሞተሩን ማጠጣት አለበት። ፓምፕ ያለው ደግሞ የዘይት ሰልባትዮውን ዘወትር ይመልከት፤ ፓምፑ እየሠራ በቤንዚኑ ውስጥ ዳግመኛ ዘይት አይጨምር።

ምን እናድርግ?

ወደ አረጋዊው መካኒክ ልመለስ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወረቀቴን ቀድጄ ሌላ ጻፍሁ፦ «ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት። ለአምስት ሊትር ጀሪካን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት።» ቁጥሩ ከእነ መለኪያው፣ መለኪያውም ከእነ ዕቃው ማለት ነው። እርሳቸው አንብበው «ደግ፤ ግን በጨለማ ማን ያነብበዋል?» አሉ። ሥራው የሚጀመረው ሳይነጋ መሆኑን ረስቼ ነበር።

ከዚያም አንድ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አንሥተው አጠቡና አደረቁ፤ በሲሪንጁ እየለኩ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት አፈሰሱበት፤ ዘይቱ የደረሰበትን ልክ ከውጭ ምልክት አድርገው ጣሳውን ከገለበጡ በኋላ በዚያው ቦታ ላይ በምስማር በሱት። ከዚያ ወዲያ ጣሳው በደልዳላ ቦታ ላይ እስከ ተቀመጠ ድረስ ማንም ሰው በውስጡ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ማስቀረት አይችልም፤ ትርፉ በቀዳዳው እየፈሰሰ ወደ ዘይቱ ዕቃ ይመለሳል። አንድ ጣሳ ለአንድ ጀሪካን። ንባብ አይጠይቅም፤ ብርሃንም አይጠይቅም። በዚያ ወቅት በቀሩት መርጫዎች ላይ በዘይት ጉድለት የነከሰ ሞተር ዳግመኛ አላየሁም።

ከዚህ ተነሥቼ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ለሠራተኛ በምንጽፈው መመሪያ ሁሉ የድብልቅን ቁጥር ብቻውን አንጻፍ። 1,000ን በአምራቹ ቁጥር አካፍለን ለአንድ ሊትር የሚገባውን ሚሊ ሊትር፣ ቀጥሎም በሥራው ቦታ ላለው ጀሪካን የሚገባውን ጠቅላላ መጠን እንጻፍ። ለአምስት ሊትር ጀሪካን በ1፡50 ሂሳብ 100፣ በ1፡40 ሂሳብ 125፣ በ1፡25 ሂሳብ 200፣ በ1፡20 ሂሳብ 250 ሚሊ ሊትር ነው። በቃል ስንናገርም «አንድ እጅ ዘይት፣ ሃያ አምስት እጅ ቤንዚን» እንበል። ቋንቋችን «እጅ» የሚል ጥሩ ቃል እያለው ሁለት ነጥብ መሐል አስገብቶ ማደናገር አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ የአቀላለቁን ቅደም ተከተል እናስተምር። መጀመሪያ ከቤንዚኑ ግማሹን፣ ከዚያ ዘይቱን በሙሉ፣ ከዚያ ማናወጥ፣ ከዚያ የቀረውን ቤንዚን፣ በመጨረሻም እንደገና ማናወጥ። በመሣሪያው ሰልባትዮ ውስጥ አይቀላቀል። በደንብ የተዋሐደ ድብልቅ በቀላሉ አይለያይም፤ ያም ሆኖ ከመቅዳት በፊት ጀሪካኑን መነቅነቅ ልማድ ይሁን። በድሬዳዋ ሙቀት ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን ክዳኑ ይጥበቅ፤ ጀሪካኑ በጥላ ይቀመጥ፤ ድብልቁም ከአንድ ወር በላይ አይደር።

ሦስተኛ፣ ሞተር ነክሶ ሲመጣልን «ማን ገመተ?» ብለን ከመቆጣታችን በፊት «ምን ተብሎ ነበር የታዘዘው?» ብለን እንጠይቅ። እኔ ይህን ጥያቄ ያልጠየቅሁባቸው ሁለት ጥንቁቅ ወጣቶች ነበሩ። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። የማሽላውን ባለቤት ግን ተመልሼ ባላገኘው፣ ይህን ንግግር ለማዘጋጀት ስነሣ በመጀመሪያ ፊቴ ላይ የመጣው የእርሱ ዝምታ ነበር።

ጣሳውን ለማስታወሻ አረጋዊው ሰጥተውኛል። ከጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው። አዲስ የተመረቁ መሐንዲሶች ቢሮዬ ሲመጡ አይተው «ይህ የተበሳ ጣሳ ምን ያደርግልዎታል?» ይሉኛል። እኔም ከማስረዳቴ በፊት አንድ ወረቀት ሰጥቼ «1፡25 ማለት ለአንድ ሊትር ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ፈጥነው «25» ብለው የሚመልሱልኝ ጥቂቶች አይደሉም።